ሰኞ ሰም የተቀባ ወለል

ባለፈው ቅዳሜ ለቡ አዲስ ቤት የገባችውን ጓደኛዬን እንኳን ደስ አለሽ ልላት ልጄን ይዤ ሄድኩ። በሩን ስትከፍትልን ደጃፉ ላይ የተደረደሩ ጫማዎችና የወለል ሰም ሽታ ተቀበሉኝ። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ ሦስተኛ ክፍል ገባሁ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ንፋስ ስልክ ያለው የካቶሊክ ትምህርት ቤታችን ወለሉ ጣውላ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሰም ተቀብቶ ስለሚያብረቀርቅ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን በካልሲ እንገባለን። አንድ ሰኞ ግን እኔ ደጅ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። አውራ ጣቴ ካልሲዬን ቀዶ ወጥቷል። እናቴ ጠዋት “ጫማ ውስጥ ማን ያየዋል?” ብላኝ ነበር፤ ሰኞ መሆኑን ሁለታችንም ረስተነዋል።

አስተማሪያችን ሲስተር ለተብርሃን ብቅ አሉ። “ምነው የኔ ልጅ፣ አትገቢም?”

“እግሬን ይበርደኛል፣ ሲስተር።”

ጫማዬን አዩ፤ ፊቴን አዩ። ከዚያ አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ጫማ አወለቁ። ጥቁሩ ካልሲያቸው ተረከዙ ላይ በነጭ ክር ተሰፍቷል።

“እኔ ካልሲ ያወቅሁት ገዳም ገብቼ ነው” አሉ ቀስ ብለው። “የዚያን ቀን እግሬን ካልሲ ውስጥ ሳየው አለቀስኩ።”

ካልሲ ለምን እንደሚያስለቅስ አልገባኝም። ግን እኔም ጫማዬን አወለቅሁ። እጄን ይዘው አስነሱኝና ከበሩ እስከ ሰሌዳው ድረስ አብረን ተንሸራተትን። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም የሚያየው መነኩሲቷን ነው፤ ጣቴን ያየ የለም።

“ኧረ ግቡ እንጂ!” አለች ጓደኛዬ።

ልጄ ከኋላዬ ተሸጉጧል። “እማዬ፣ እግሬን ይበርደኛል” አለኝ በሹክሹክታ።

ጫማዬን አውልቄ እጁን ያዝኩና ሳሎኑን ቃኘሁት። ለመንሸራተት ይበቃል።