የእናቴ ወደ ውስጥ የሚሳብ እሺታ

እናቴ ድምጿን ያጣችው በሳንባ ምች ታማ ሆስፒታል በተኛችበት ክረምት ነው። በጉሮሮዋ ያስገቡላት የመተንፈሻ ቱቦ ሕይወቷን አተረፈልን፤ ሲወጣ ግን ድምጿን ይዞት የወጣ መሰለ። እስራኤል ውስጥ፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቤት በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስትመለስ ከአፏ የሚወጣው ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማ ዓይነት ሹክሹክታ ብቻ ነበር።

እናቴ ደግሞ ዝም ማለት የማታውቅ ሴት ነበረች። ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ሆና ተጣርታ አውቶቡስ ታስቆም ነበር። ሰው ፊት ቀና ብዬ መናገር ስለማልችል፣ ኩፓት ሆሊም ወደሚሉት ክሊኒክ ሄጄ ራሴን እንዳመመኝ እንኳን ለሐኪሙ የምትነግርልኝ እሷ ነበረች፤ ዕብራይስጧ ከእኔ የባሰ የተሰባበረ ሆኖ ሳለ። «ልጄ ሙሽራ ናት፤ መጋረጃውን ካልገለጡላት አትናገርም» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቁን ግን ጎንደር ቀርተው ወደ እስራኤል የሚመጡበትን ተራ የሚጠብቁት አያቴ ናቸው። ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ እንደውልላቸዋለን። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሲሞት፣ ሩቅ ላለ ዘመዱ «ደህና ነው፣ ሥራ ሄዶ ነው» እየተባለ ይቆይና አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። አያቴ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። እኔ «ደህና ናት እማማ፣ ድምጿን አሟት ነው» ስላቸው አያምኑኝም።

«አሁንም ድምጿን?» ይላሉ። «እሺ፣ ይሁን።»

አንድ ዓርብ እናቴ መነጋገሪያውን ከእጄ ነጥቃ፣ የአንገቷ ሥር እስኪገተር ታግላ፣ አንድ ሁለት ቃል ሹክ አለች። አያቴ አዳመጡ፣ አዳመጡና ጮኹ።

«ይቺን ሴት ከየት አመጣችኋት? የኔ ልጅ እንዲህ ትናገራለች? ሞታለች በሉኝና እርሜን ላውጣ!»

ስልኩ ተዘጋ። አብሯቸው የሚኖረው አጎቴ ደውሎ «ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ እኔንም ከደባቂዎቹ ቆጥረውኛል» አለን። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በቁሟ እየተለቀሰላት ነበር።

በዚያው ሰሞን በአማርኛው ሬዲዮ ስለ ስቴም ሴል ሰማች፤ የተጎዳ ሥጋ የሚጠግን ሕዋስ ነው አሉ። ወዲያው ጫማዬን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ወደ ጉሮሮ ሐኪሟ ሄድን።

ዶክተሯ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዋ አስገብታ የድምፅ አውታሮቿን በስክሪን አሳየችን። ሁለት ነጫጭ ከንፈሮች ይመስላሉ። ጤነኛ ሲሆኑ ለስላሳ ናቸው፤ አየር ሲነካቸው ይርገበገባሉ። የእናቴን አውታሮች ግን ጠባሳ አድርቋቸዋል። እናቴ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። ላብ አጠመቀኝ፤ ግን የሚጠይቅልኝ ሰው አልነበረምና ስለ ስቴም ሴሉ ጠየቅሁ።

«ምን እንደሚሆን ገና ያልወሰነ ሕዋስ ነው» አለችኝ ዶክተሯ። «ጠባሳው ላይ ሲወጋ ለስላሳውን ሥጋ መልሶ ያበቅል ይሆናል።»

ለእናቴ ወደ አማርኛ መለስኩላት።

«ገና ያልወሰነ?» አለች በሹክሹክታዋ። «እንደ አንቺ ነዋ! ስንቱን ጠያቂ መለስሽ።»

«ግን የሚሞከረው ገና በጥንቸል ላይ ነው» ብላ ቀጠለች ዶክተሯ። «ለሰው አልደረሰም።»

«እንግዲያው ጥንቸሎቹ ቀድመውኝ ይናገራሉ በይኛ» አለች እናቴ። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ።

ዶክተሯ ለጊዜው የድምፅ ልምምድ ይሻላል አለች። ጠባሳውን ባያጠፋውም የቀረውን ያጠነክረዋል። «በየሳምንቱ ትመጫለሽ?» ብላ እናቴን ጠየቀቻት።

የእኛ አገር ሰው እሺ ሲል አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል። እናቴ ደግሞ አንዴ አይበቃትም፤ ሁለቴ አከታትላ፣ በኃይል ነው የምትስበው። በልጅነቷ አያቴ «ደግሞ ሽሮው አቃጠላት!» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እንደ ልማዷ ሁለቴ ሳበች። ዶክተሯ ከወንበሯ ተነሣች።

«መተንፈስ አቅቷታል!»

ነርስ ሮጣ መጣችና ጣቷ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰካችባት። «ደህና ነሽ? ትሰሚኛለሽ?» ስትላት እናቴ አሁንም ሁለቴ ሳበች። የኦክስጅን ጭንብል አምጥተው ፊቷ ላይ ደፉባት።

«ተዉአት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነበር። «አዎ ማለቷ ነው! እኛ እንዲህ ነው አዎ የምንለው።» ይግባቸው ብዬ እኔም ሳብኩ። ዶክተሯ ልትሞክረው ብላ ትን አላት። እናቴ ከጭንብሉ ሥር እንደገና ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች።

ስንመለስ አውቶቡሱ በባሕሩ ዳር ሲያልፍ «ደከመሽ?» አልኳት። ሁለቴ ሳበች። ያኔ ነው ያቺን ትንፋሽ ጠባሳው እንዳልነካት ልብ ያልኩት።

በዓርቡ አጎቴን ለምኜ ስልኩን በአያቴ ጆሮ ላይ እንዲያደርግልኝ አደረግሁ።

«እማማ፣ እንዳይዘጉብኝ። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋት።»

«ማንን ልጠይቅ? የሞተ ይጠየቃል?»

«ግድ የለም፣ ይጠይቋት።»

መነጋገሪያውን ወደ እናቴ አስጠጋሁት። አያቴ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ አለሽልኝ?» አሉ።

እናቴ ለመናገር አልታገለችም። ሁለቴ፣ አከታትላ፣ ወደ ውስጥ ሳበች።

«ውይ!» አሉ አያቴ። «ውይ በሞትኩት! ሽሮው አቃጠላት!»

ከዚያ በኋላ አያቴ እየሳቁና እያለቀሱ ያወሩ ጀመር፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጉልበታቸው፣ በከንቱ ስላፈሰሱት እንባ። «በዚህ ዕድሜዬ በነፃ አስለቀስሽኝ፣ አንቺ ከንቱ!» አሉ። እናቴ በየመሀሉ ሁለቴ ትስባለች። እኔ መነጋገሪያውን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

በመጨረሻ አጎቴ ስልኩን ተቀበለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነጠላቸውን አቃኑ» አለኝ።