በቀይ ቀለም የጻፍኩት መልስ

«አንቺ ልጅ፣ በቀይ የምታርሚው የማንን ደብተር መስሎሽ ነው?»

ይህን ያሉኝ መርሳ ከተማ፣ በቀበሌው ንባብ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ወልድያ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ መርሳ አንድ ቢሮ በጸሐፊነት ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። ንባብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰፊ ጣውላ አለ። የግድግዳ ጋዜጣ ይባል እንጂ ከላዩ መፈክር በቀር ዜና የለበትም። የቸገረው ሰው ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ በስፒል ይሰካል፣ የሚያውቅ ከሥሩ መልሱን ይሰካል። መልስ የሚሰኩት ግን ሁልጊዜ መምህሩና አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ይህን ማንም አልነገረኝም።

ያጣላን ጥያቄ ግራና ከሚባለው አገር ለገበያ የሚመጡ የአንድ ገበሬ ነው። በመሠረተ ትምህርት በተማሩት ፊደል፣ «ፓፓያዎቼ አበባቸው ይረግፋል፣ ፍሬ አልይዝ አሉ። በሚመጣው ገበያ መልሱን አይቼ፣ ካልሆነ ቆርጬ ሽንኩርት ልተክል ነው» ብለዋል። መምህሩ «አፈሩ ደክሟል፣ ይቁረጧቸው» ብለው መልሰዋል። እኔ ደግሞ «ስህተት ነው። በአካባቢው ወንዴ ፓፓያ አለ ወይ?» ብዬ ሰካሁበት። ቢሮዬ የሰጠኝ እስክሪብቶ ቀይ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን በቀይ የሰው ደብተር ሲያርሙ ኖረው፣ ትናንት በመጣች ልጅ ታረሙ።

«ቀለም ነው እንጂ ስድብ አይደለም» አልኳቸው።

ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «እኔ አንዲት መስመር ከመጻፌ በፊት ዓመት ሙሉ ሳነብ ነው የከረምኩት። እሷ ገና ወንበሩ ሳይሞቅላት» አለ።

«አንተ ዓመት ከፈጀብህ እኔ ምን ላድርግህ?»

እሱ ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም። ወረቀቴን ነቅለው፣ በሥርዓት አጣጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡት። «እዚህ ቤት አዲስ ሰው መጀመሪያ የቆዩትን ያነባል» አሉና፣ ከጣውላው የወረዱ ወረቀቶች የሚጠራቀሙበትን ካርቶን በእግራቸው ገፉልኝ።

ማንበብ የጀመርኩት በንዴት ነው። ከሥራ በወጣሁ ቁጥር ካርቶኑን እበረብራለሁ። በሦስተኛው ቀን በዚያው ገበሬ ፊደል የተጻፈ የአምና ጥያቄ አገኘሁ። «አራቱ ፓፓያዎች ሲያፈሩ አንዱ በረጃጅም ዘንግ ላይ አበባ ብቻ ያንዠረግጋል። ምን ላድርገው?» ከሥሩ በመምህሩ ውብ ጽሕፈት፣ «ሥራ ፈት ነው፣ ይቁረጡት» ይላል።

ወንዴውን ነበር ያስቆረጧቸው።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሰካኋቸው። መሀላቸው ላይ፣ ያው በቀዩ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ባዮሎጂዬን ጻፍኩ። «አምና የተቆረጠው ወንዴው ነው፤ ያለ እሱ አበባ ሴቶቹ ፍሬ አይዙም። ከጎረቤት የወንዴ አበባ አምጥተው ከሴቶቹ አበባ ጋር ያነካኩ። አይቁረጡ።»

በገበያው ቀን ገበሬው መጡ። በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡ።

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ?»

«እርግጠኛ ነኝ አባባ። ሽንኩርቱን ለአንድ ሁለት ወር ያቆዩልኝ።»

መምህሩ ከኋላችን ቆመው ነበር። የአምናውን ወረቀት ሊነቅሉ እጃቸውን ዘረጉ፣ መልሰው አወረዱት። «ጽሕፈቱ የኔ ነው» አሉ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ገበሬው የጡጫ ያህል አረንጓዴ ፓፓያ ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ መምህሩ ፊት አስቀመጡ። «ይቺን ለማሳያ ቀጠፍኳት። ሌላው ግንዱን ከቦታል፣ መሰላል ሊያስፈልገኝ ነው» አሉ። ሾፌሩ ፓፓያውን እያገላበጠ፣ «በሉ እንግዲህ፣ ይቺን ልጅ ማን ይችላታል» አለ። እኔ ፈገግታዬን ለመደበቅ አልሞከርኩም።

መምህሩ ስፒል የሚቀመጥበትን ቆርቆሮ ወደኔ ገፋ አደረጉት።

«ከዛሬ ጀምሮ ሳትጠይቂኝ ስኪ።»

«ድሮስ መቼ ጠየቅኩዎት?»

ይሄኔ ነው ሲስቁ ያየኋቸው። ወንበር ስበው፣ «ተቀመጪ እንጂ፣ አንድ የሲሪንቃ ሰው ስለ ላሙ ጠይቋል» አሉኝ።

ስለ ላም አላውቅም፣ የማላውቀውን ደግሞ አልሰካም አልኳቸውና ወደ ቢሮዬ ሄድኩ።