የተከረከመው ጆሮ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ሴት አጎዛ ዘርግታ ስትሸጥ አየሁና ቆምኩ። አንዱን አንስቼ በአንገቱ በኩል ሳገላብጠው፣ ብል እንዳልነካው ነገረችኝ። እኔ የምፈልገው ጆሮ ነበር። ይህን ለሰው እንዴት ይነግሩታል?

በደርግ ጊዜ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ መንዝ ውስጥ በአንድ የወረዳ ፍርድ ቤት ኤግዚቢት ያዥ ነበርኩ። ክረምቱ መሐል ላይ ፖሊስ ከነጆሮው የተገፈፈ እርጥብ የበግ ቆዳ አስረከበኝ። ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ገበሬ የጎረቤታቸውን በግ ሰርቀው አርደዋል ተብለው ታስረው ነበር። የርክክቡ ወረቀት "አንድ የበግ ቆዳ" ከማለት በቀር ሌላ አይልም።

ኤግዚቢት የማኖርባት ክፍል ታፈሳለች፤ ቆዳው በሦስተኛው ቀን ይሸት ጀመር። እኔ ደግሞ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ቆዳ ሲበላሽ ቆሜ ማየት አልችልም። ጨው ነሰነስኩበት፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል በችካል ወጠርኩት፣ ፋቅኩት። ቤታችን እንደሚደረገውም የእግሩን ጫፍና ጆሮውን ከርክሜ ለውሻ ጣልኩ። ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር፣ እኔ ጅሉ።

በቀጠሮው ቀን ጋሽ ወልዴ ብዙ አልተናገሩም። በጉ የራሳቸው እንደሆነ፣ ግልገል ሳለ ግራ ጆሮውን ሁለት ቦታ እንደሰነጠቁት ገለጹና "ጆሮውን ይዩልኝ" አሉ።

ኤግዚቢቱ ይቅረብ ተባለ። አጎዛውን አቀረብኩ። ጎረቤትየው አጎዛውን እንዳየ፣ ጆሮውን የቆረጡት ምልክት ለማጥፋት ራሳቸው ጋሽ ወልዴ ናቸው አለ። ዳኛው ይህን መጻፍ ጀመሩ። የመዝገብ ቤቱ ሹም በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፣ ዝም በል ነው። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ተሳሳተ አይባልም፣ አሻጥር ሠራ ነው የሚባለው፤ በአሻጥር የተወሰደ ሰው ደግሞ መመለሻው አይታወቅም። ጋሽ ወልዴ ዓይናቸውን ከአጎዛው ላይ አልነቀሉም።

"እኔ ነኝ የከረከምኩት" አልኩ።

"ምልክት ነበረው?" ዳኛው ጠየቁ።

"አላየሁም፣ ጌታዬ።"

ማስረጃ አልበቃም ተብሎ ተለቀቁ። እኔም የፈራሁት ሳይደርስብኝ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኝ ቀረ። በር ላይ ጠብቄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝ።

"ልጄ፣ ሂድ ተባልኩ" አሉኝ። "ሌባ አይደለህም ያለኝ ግን የለም።"

ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ሰው በጎቹን ከሳቸው አጠገብ ሲያርቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ እሳቸው የሉም። ሸምግዬም ያን ጆሮ ለማስታወስ እሞክራለሁ፤ እርጥበቱ እጄ ላይ ትዝ ይለኛል፣ መልኩ ግን አልመጣ ይላል። እውነታቸውን እንደነበር አምናለሁ። እሳቸው የሚፈልጉት ግን አየሁ የሚል ሰው ነበር።