አባቴ ክኒኑን የተዉ ሰሞን

አባቴ መስቀል ጠራቢ ነበሩ። ላሊበላ ውስጥ ለቱሪስት ዕቃ የሚሸጡት ባለሱቆች የእሳቸውን ሥራ ሳይጠይቁ ይለዩት ነበር፤ በወይራ እንጨት ላይ የሚያወጡት ሐረግ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ደጃችን ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠው፣ እንጨቱን በጉልበታቸው መሀል ይዘው፣ ጠዋት የጀመሩትን ከሰዓት ይጨርሱታል።

መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ነው። ብርድ ነው ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉት። በዓመቱ እጁ ሁሉ ተከተለ። ቢላዋው ይስታቸው ጀመር፤ ግራ መዳፋቸው ጠባሳ በጠባሳ ሆነ። ነአኩቶ ለአብ ገዳም ወርደው ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጠበል ሰባት ቀን ጠጡ። እዚያ ያሉት ቄስ "ጠበሉንም ይጠጡ፣ ሐኪምም ይዩ" ስላሏቸው ደሴ ሆስፒታል ወሰድኋቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። በኮሪደሩ ወዲያና ወዲህ አስኬዳቸው፣ ጣቶቻቸውን እያፍታታ አየ፣ ስማቸውን በወረቀት አስጻፋቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገራቸው።

"አባቴ፣ በሽታው ፓርኪንሰን ይባላል። ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ይሄን ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ሳያቋርጡ ከወሰዱ ግን ብዙ ዓመት ራስዎን ችለው ይኖራሉ።"

"እጄስ?" አሉት።

"ይሻለዋል። እንደ ድሮው ግን አይሆንም።"

ስንመለስ ጋሸና ላይ ምሳ ለመብላት ወረድን። ሽሮው ፊታቸው ቀርቦ ውጭ የቆሙትን የጭነት መኪናዎች ሲያዩ ቆዩና "አንች ብይ፣ እኔ አልራበኝም" አሉኝ።

ክኒኑ ሠራ። የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ይቆልፉ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ያለ ደጋፊ ይሄዱ ነበር። መጥረብ ግን አልቻሉም። እኔ እየተሻላቸው ነው ስል፣ እሳቸው በየቀኑ አንድ እንጨት አንሥተው ሞክረው መልሰው ያስቀምጡታል። ለእሳቸው መዳን ማለት መጥረብ ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርሁ። ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳ ስለጠፋ ሆቴሉ አዳራሹን ለሠርግም ለስብሰባም ያከራያል። አንድ ሰሞን ነጭ ጋወን የለበሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ የሆነ ሰው ተከራየው። ድምፅ ማጉያ የተሰቀለባት መኪና ከተማውን እየዞረች ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ሪህ፣ አስም፣ የነርቭ ችግር፣ ስንት ዘመን የቆየ በሽታ ሁሉ ከሥሩ እንደሚነቀል ትናገራለች። ሰውየው ራሱን ስፔሻሊስት ይላል። የምን ስፔሻሊስት እንደሆነ የጠየቀ ሰው አላየሁም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሕዝቡ ከኮን ከተማም፣ ከየገጠሩም መጣ። የእኔ ሥራ በተራ ማስገባት ነበር። ሰውየው ከኮምፒውተር ጋር በገመድ የተያያዘ የብረት ዘንግ በሽተኛውን ያስጨብጠዋል፤ ደቂቃ ሳይቆይ ወረቀት ታትሞ ይወጣል፤ ከወረቀቱ ጋር ቡናማ ዱቄት ያለበት ዕቃ ይሰጣል።

በሁለተኛው ቀን አባቴን አመጣኋቸው። ሥራቸው ምን እንደነበርና ደሴ መታከማቸውን ቀድሜ ለሰውየው የነገርሁት እኔው ነኝ። ዘንጉን ሲይዙ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሰውየው በሁለት እጁ ደገፈላቸው።

"ደሴ ምን አሉዎት?"

"አይድንም አሉኝ።"

"አይድንም የሚሉት ስለማያውቁት ነው፣ አባቴ። ነርቭዎ ደክሟል እንጂ አልሞተም። በሦስት ወር ውስጥ መሮዎን ይይዛሉ። ያንን ክኒን ግን ይተዉት፤ ነርቩን የሚያደርቀው እሱ ነው።"

አባቴ ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ሊስሙ ሲሉ አነሣቸው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት፣ አስም ያለባቸው አንዲት የኮን ሴት ወረቀታቸውን እንዳነብላቸው ሰጡኝ። "የነርቭ ድካም፣ የጉበት ስብ፣ የደም ውፍረት" ይላል። የአባቴ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ስለነበር አውጥቼ አስተያየሁት። ቃል በቃል አንድ ነው። ቁጥሮቹ እንኳ አንድ ናቸው።

"ምን ይላል ልጄ?" አሉኝ ሴትዮዋ።

"መድኃኒቱን ይውሰዱ ይላል" አልኋቸውና የሚቀጥለውን ሰው ጠራሁ።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው መሮ ይስላሉ። ክኒኑን ጠቅልለው ለጎረቤት ሊሰጡ ማሰባቸውን ነገሩኝ።

"አባባ፣ ሁለቱንም አብረው ቢወስዱትስ?" አልሁ።

"ያኛው አይድንም ያለኝ ነው። ይሄኛው ይድናል ብሎኛል። አንች የትኛውን ነው የምትወጅልኝ?"

እራታቸውን ላቀርብ ወደ ቤት ገባሁ። ስለ ወረቀቱ ያልነገርኋቸው ፈርቼ አይደለም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደስ ብሏቸው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ስለነበር ነው። ነገ እነግራቸዋለሁ አልሁ፤ በማግሥቱም እንዲሁ አልሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። ሰውነታቸው ድርቅ ብሏል፣ ያተኩሳቸዋል፣ ምራቃቸውን መዋጥ አልቻሉም። ለሰውየው ደወልሁ። "መርዙ እየወጣ ነው፣ መጠኑን እጥፍ አድርጊው" አለኝ። ሁለተኛ ስደውል ስልኩ ተዘግቷል።

ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አስተኝተን ደሴ አደረስናቸው። ያው ወጣት ሐኪም ነበር።

"ክኒኑን መቼ አቆሙ?"

ነገርሁት። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "በድንገት ማቆም እንዲህ ያደርጋል" ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። ሁለት ሳምንት ተኙ። ክኒኑን እንደገና ጀመሩ፤ ትኩሳቱ ሄደ፣ መዋጥም ጀመሩ፤ ወደነበሩበት ግን አልተመለሱም። ሐኪሙ ሲሸኘን ከዚህ በላይ እንዳንጠብቅ ነገረኝ።

አሁን የማጎርሳቸው እኔ ነኝ። ድምፃቸው በጣም ስለቀጠነ ጆሮዬን አፋቸው ላይ አድርጌ ነው የምሰማቸው። ሆቴሉን ለቅቄያለሁ። አንድ ቀን ገላቸውን አጥቤ ፀሐይ ላይ ካስቀመጥኋቸው በኋላ አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

"አባባ፣ ያ ወረቀት የሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነበር። አይቼ ነው ዝም ያልሁዎት።"

ዓይናቸው እኔ ላይ ቆየ። በሽታው ፊታቸውን ካደረቀው ቆይቷል፤ ይዘኑ፣ ይቆጡ፣ ይቅር ይበሉ ከፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ውሃ" አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አንሥተንም አናውቅ።

ባለፈው ሳምንት ስኳር ያለባት ጎረቤታችን መጣች። ሌላ ሐኪም፣ ስኳርን በአንድ ወር የሚያጠፋ ቅጠል ይዞ መምጣቱን ሰምታ፣ ልሂድ ወይ ብላ ልታማክረኝ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋት። ስጨርስ አባቴን አየቻቸው፣ አንገቷን ነቅንቃ አዘነችላቸው።

"የእኔ ግን ስኳር ነው" አለች። "መርፌው ሰልችቶኛል።"

መርፌሽን እንዳትተይ ብዬ እጇን ያዝኋት። እሽ አለች፤ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ቁልቁል ወረደች።