በእጄ የጻፍኩት አድራሻ

የሞቀ ኮምፒውተር አቧራ ሲሸተኝ ዛሬም አንድ ቀን ትዝ ይለኛል። ካዛንቺስ የነበረችው ፎቶ ኮፒ ቤታችን ያን ቀን እንደዚያ ነበር የምትሸተው። ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ አንድ የሚያጓራ ማሽን፣ ቆርቆሮውን የሚጠብስ የቀትር ፀሐይ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነበረች።

አብራኝ ያደገችው ጎረቤቴ ለሥራ ልትፈተን መጣች። ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ቆይታለች። ፈተናው በኢንተርኔት ነው፤ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ። በስልክ አይሠራም። የድረ ገጹን ስም ስጽፍ ይዞር ይዞርና «አልተገኘም» ይለኛል። ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ራውተሩን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ሌላው ገጽ ሁሉ ይከፈታል፣ የሷ ብቻ እምቢ! ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩ፤ ያው ነው። እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ ኪቦርዱን ልሰብረው ምንም አልቀረኝ።

«ባምቢስ ልሂድ እንዴ? እዚያ ኢንተርኔት ቤት አለ» አለችኝ፣ ገና ስድስት ከሩብ ላይ።

«ቆይ በቃ፣ ኔትወርክ ነው፤ አሁን ይመጣል።»

አምናኝ ተቀመጠች።

አለቃዬ ከምሳ ሲመለስ ለሰባት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። እሷ በጭንቀት በር ላይ ቆማለች። ጎንበስ ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፋይል ከፈተ። የፈተናው ድረ ገጽ ስም ተጽፎበታል፤ አጠገቡ ኮምፒውተሩ ገጹን የሚያገኝበት አድራሻ በቁጥር።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

እኔ ነበርኩ። ከወር በፊት እሷ ለፈተናው ልትመዘገብ ስትመጣ፣ ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ሰርቨር አልሠራ ሲለኝ፣ ቁጥሩን ከሌላ ሰው ጠይቄ በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ በእጄ አስገባሁት። ከዚያ ረሳሁት።

«ኮምፒውተሩ ሰርቨሩን ከመጠየቁ በፊት ይሄን ነው የሚያየው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እነሱ ቁጥራቸውን ቀይረዋል፤ አንቺ የድሮውን እያንኳኳሽ ነው።»

የጻፍኩትን ከፋይሉ ላይ ሰረዘው። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ከበሩ።

አለቃዬ ቀና ብሎ አየኝ።

«ኔትወርክ» አልኩ።

«ምን ታረጊዋለሽ፣ አንቺማ ለፋሽ» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

አሁን ሰፈሩ ፈርሷል፤ እሷም ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። በቀደም መንገድ ላይ አገኘችኝና ለትንሿ ልጇ «ለኔ ስትል ምሳዋን ሳትበላ የዋለች ጓደኛዬ ናት» ብላ አስተዋወቀችኝ። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ ተንጠራርታ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ጎንበስ ብዬ ስሟን ጠየቅኳት።