የእትዬ ደብሪቱ ጉንጭ

«ቀኑ ሳይዘቀዝቅ ነይ በመስኮቴ፣
ምንትሴ... ምንትሴ... አንጀቴ።»

ሠዓሊ ገብረትንሣኤ ከዘፈኑ የሚያውቀው ይህችኑ ነው። መሐሉ ከጠፋበት ዓመታት አልፈዋል፤ ቢሆንም ጎሮ ባለችው አንድ ክፍል ቤቱ፣ ብሩሹን ይዞ የጠዋት ብርሃን ሲጠብቅ ያንጎራጉራታል። ብርሃኗን ቀጠሮ እንዳላት ልጅ ነው የሚጠብቃት። የማያየውን አይሥልም፤ ያየውንም አይተውም። ሙሽራ ከነብጉሩ ሥሎ ከሠርግ ቤት ከተባረረ ወዲህ ግን መልክ የሚያሠራው አጥቶ፣ መገናኛ ወርዶ የሱቅ ማስታወቂያ ሊጽፍ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር።

በ1989 ዓ.ም. ጥር ላይ እትዬ ደብሪቱ ደረሱለት። ሩዋንዳ ሰፈር ምግብ ቤት ሊከፍቱ ነው፤ ደንበኛ ዱቤ እንዳይጠይቅ ገና ከበር እንዲፈራቸው፣ ኮስተር ያለ መልካቸውን ግድግዳው ላይ ይሻሉ። ስድሳ ያለፋቸው ባልቴት ናቸው፤ መኮሳተሩን ያውቁበታል። ምረቃው እሑድ ነው። ሥዕሉ አልቆ የቀረው ግራ ጉንጫቸው ብቻ ነበር።

ይኼኔ ጎረቤቱ ሸሪፋ የማድ ቤቷን ጣሪያ አዲስ ቆርቆሮ አለበሰችው። ነጸብራቁ በመስኮቱ ዘልቆ ሊሣሉ የተቀመጡትን እትዬ ደብሪቱን ዓይናቸውን አስጨፈናቸው። ገብረትንሣኤ ሄዶ ሸፍኚልኝ ብሎ ለመናት። ሸሪፋም ከፀሐይ ጋር የተጣላ ሰው አይታ እንደማታውቅ ነግራው፣ ለነገ መላ እንደማታጣ ቃል ገባች። ቃሏን አላጠፈችም። ዓርብ ጠዋት ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር በርበሬ ተሰጥቶበት ተገኘ።

ፀሐይ በርበሬው ላይ ስታርፍ፣ ቀይ ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ በእትዬ ደብሪቱ ግራ ጉንጭ ላይ ቁጭ አለ። ገብረትንሣኤ መጀመሪያ ተማረረ። ቀጥሎ አየ። ካየ ደግሞ ምን ያደርጋል፤ ሣለው።

እትዬ ደብሪቱ ተነሥተው ሸራው ፊት ቆሙ። ሸራው ላይ ያለችው ኮስታራ ሴት እንደ ልጃገረድ አፍራ ቀልታለች።

«ማነው እንዲህ ያሳፈረኝ?»

«የሸሪፋ በርበሬ ነው እትዬ። እኔ ያየሁትን ነው የሣልኩት።»

«ይህቺን አይቶ ደንበኛ ይፈራኛል?»

«አይፈራዎትም» አለ፣ የመገናኛ ማስታወቂያዎች አንድ በአንድ እየታዩት።

እትዬ ደብሪቱ መዳፋቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ድምፃቸው ለሰለሰ።

«የሠርጌ ዕለት ፊቴን ሸፍነው ነው የወሰዱኝ። እኔም አላየሁት። እንዲህ ኖሯል ለካ... እንዳትነካው።»

እሱ ግን የሥዕሉ አገጭ ላይ የምትስተካከል አንዲት ነገር ታይታው ወደ ሸራው ሲጠጋ፣ ብሩሹን ከእጁ ነጠቁት። ለምረቃው የሞከሩትን ምስር ወጥ በምሳ ዕቃ ይዘው መጥተው ነበርና፣ ና ብላ አሉት። ብርሃኗ ሳትሄድብኝ ብሎ ሊለማመጥ ቢጀምርም፣ ያን ጊዜስ የምር ኮስተር አሉበት። ገብረትንሣኤ እጁን ታጥቦ ቁጭ አለ፤ የመጀመሪያውንም ጉርሻ ከእጃቸው ጎረሰ።