ክራፒ በየውሃው

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የገደልኩት ዓሣ ከዚያ ወዲህ ካጠመድኩት ሁሉ ይበልጣል።

ሱቁ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሃቫና ስትሪት ከሚባለው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ነው። የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር። ባለቤቱ ሚስተር ዴል ረጅም፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ጓዳው ውስጥ ሚኖው የሚባሉት፣ መንጠቆ ላይ የሚሰኩት ትንንሽ ዓሣዎች የሚኖሩበት ገንዳ አለ። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ይሸታል። እኔ ደግሞ አጽጂ ስባል የሚገባኝ አንድ ነገር ነው። ዓሣዎቹን በባልዲ አወጣሁ፣ ገንዳውን በበረኪና ፈተግሁ፣ ከቧንቧው ንጹሕ ውሃ ሞላሁና መልሼ አስገባኋቸው። አብረቀረቀ። ቆሜ ሳየው ደስ አለኝ። ምሳ ሳይደርስ ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ።

ሚስተር ዴል መጥተው አዩ። እኔም ኮቴን አነሣሁ፤ ማባረራቸው ነው ብዬ።

"ተቀመጪ" አሉኝ፣ እንግሊዝኛውን ቀስ አድርገው፣ በእጃቸውም እያሳዩ። "የቧንቧ ውሃ ውስጥ መድኃኒት አለ። ውሃው በባልዲ ሆኖ ማደር አለበት። ውሃ ሁሉ አንድ እንዳይመስልሽ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገንዳው የኔ ሆነ። አንድ ዓመት መጥረጊያና ገንዳ ይዤ ቆየሁ። ቀጥሎ ጂግ ማሰር ተማርኩ። ጂግ ማለት አንገቱ ላይ የእርሳስ ጠብታ ያለችበት መንጠቆ ነው፤ ላባና ክር ይጠቀለልበትና ውሃ ውስጥ ነፍስ ያለው ይመስላል። ጥልፍ ስለማውቅ እጄ ቶሎ ለመደው። ኋላማ ሚስተር ዴል ጉልበታቸውን ሲያማቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደንበኞችን ይዤ ውሃ የምወርድ እኔ ሆንኩ። ማንበብ የማትችል ሴት ናት ያለኝ የለም። ዓሣም አልጠየቀኝ።

ክራፒ መዳፍ የሚያህል ሰፊ ዓሣ ነው፤ ብር የመሰለ፣ ጥቁር የተረጨበት። ዓይኑ የሚያየው ወደ ላይ ነው። ከበታቹ ያለፈውን ምግብ አያውቀውም፤ ከራሱ በላይ ያለውን ግን ቀስ ብሎ ተነሥቶ ይቀበላል። ስለዚህ የት እንዳለ ካወቃችሁ ጂጉን ከሱ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው፣ ነገሩ ሁሉ።

ዝናብ ጥሎ ጅረቱ ሐይቁን ካደፈረሰው፣ ክራፒ ወደ ዳር ይጠጋል፤ ከወደቀ ግንድና ከቁጥቋጦ ሥር ይለጠፋል። ሩቅ መወርወር አያስፈልግም። ጥቁር ላይ ቢጫ ያለበትን ጂግ ይዞ፣ ክንድ ያህል ጥልቀት ላይ፣ ግንዱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ማንጠልጠል ነው። ጥርት ያለ ውሃ ሌላ ነው። እዚያ ነጭ ወይም ግራጫ ጂግ፣ እንደ ጸጉር የቀጠነ ክር፤ እናንተም ራቅ በሉ፣ ጥላችሁ ውሃው ላይ አይውደቅ። እንዲህ ያለ ውሃ ዳር ስቆም ሰማዩ ከእግሬ በታች ይሆንብኛል፤ ደመናው በጂጌ ሥር ያልፋል፤ ምን ልይዝ እንደመጣሁ የሚጠፋኝ ጊዜ አለ።

በጋ ሲከር ጀልባ ከሚታሰርበት የእንጨት መድረክ፣ ከዶኩ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ይገባሉ። እዚያ የማጥመጃውን ዘንግ ወንጭፎ መወርወር አይቻልም። ጂጉን በሁለት ጣት ይዞ፣ ዘንጉን እንደ ደጋን ማጉበጥና መልቀቅ ነው፤ በውሃውና በእንጨቱ መሀል ሾልኮ ይገባል። ነጠላ የለበሰች አሮጊት ይህን ስታደርግ ያዩ ደንበኞች ስልካቸውን ያወጣሉ። ያውጡ።

ክረምቱን፣ ውሃው ሲረጋ፣ በረዶውን ቀድደን ጂጓን እንለቅና ስትሰምጥ እንቆጥራለን። ዘጠኝ ላይ ከነከሰ፣ ቀጣዩንም ዘጠኝ ላይ ማቆም ነው። እኔ የምቆጥረው በአማርኛ ነው። ሚስተር ዴልም አጠገቤ ተቀምጠው ሲሰሙ ሲሰሙ ተማሩት። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ለአንድ ደንበኛ "አሥራ ሁለት ላይ ናቸው" ብለው በአማርኛ ነገሩት። ሰውየው ምስኪን አንገቱን ነቅንቆ ወጣ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የክራፒ ከንፈር ወረቀት ነው። አንድ የኛ ልጅ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ የሚነዳ፣ በነከሰ ቁጥር ዘንጉን ወደ ሰማይ ይመነጭቃል። አራት ዓሣ አመለጠው።

"እማማ፣ ነከሰ ብዬ እኮ ነው የጎተትኩት" አለኝ።

"ልጄ፣ ጥርስ እየነቀልክ አይደለም። እንደተኛ ሕፃን አንሣው።"

"እኔ ሕፃን የለኝም።"

"እንግዲያው ሚስት ፈልግና ተመለስ" አልኩት። ሳቀ፤ አምስተኛውን ያዘ።

አሁን የፋጡማን ልንገራችሁ። ሥራውን ተምሬ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር፤ ያላወቅሁትን ያሳየችኝ ግን እሷ ናት።

ፋጡማ ሎውሪ በሚባለው ሰፈር ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበረች፤ አሥራ አንድ ዓመት። የመርካቶ ልጅ ናት፣ ምላሷ የማይቻል። እኔ ስታመም ሾርባዬን ሠርታለች፤ ምስር ብቻ። በኢድ ለኔ የምትልከው ሳምቡሳ ምስር ነው፤ በፋሲካ እኔ የምልክላት ድፎ ዳቦ ነው። የኔ ሥጋ በኛ እጅ የታረደ፣ የሷም በእነሱ። አንዳችን የሌላችንን አንነካም። ተጣልተን አይደለም፤ እንዲሁ ነው፣ እናቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ልጇ ጀማል ሥራ ቀይሮ ኮሎምበስ ወደሚባል ሩቅ ከተማ ሊወስዳት ሆነ። ደረጃው ላይ ተቀምጠን ነገረችኝ።

"ዘነቡ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ግድግዳ እያንኳኳን ኖረን፣ ከአንድ ትሪ ሥጋ ሳንበላ ልንለያይ ነው።"

"ዓሣ አለ" አልኳት። "ዓሣ ቢላ አያርፍበትም። አንቺም ትበያለሽ፣ እኔም እበላለሁ።"

ይህን ያህል ዘመን እንዴት እንዳላሰብነው እኔ አላውቅም። የዓሣ ሱቅ ሠራተኛ ሆኜ።

"ከሱቅ ገዝተሽ ከሆነ አልመጣም" አለች። "ክራፒ ክራፒ እያልሽ ጆሮዬን በልተሽዋል። ፊቴ አጥምጂ።"

የምታመቸን አንዲት ቅዳሜ ብቻ ነበረች። የሷ ረመዳንና የኔ ሁዳዴ ተያይዘው መጥተው አልፈዋል፤ ፋሲካም ወጥቷል፤ ማክሰኞ መሄዷ ነው። ጊዜው ደግሞ ክራፒ እንቁላል ሊጥል ወደ ዳር የሚወጣበት፣ ከዓመቱ ሁሉ የሚቀለው ነበር። ሐሙስ ግን ስኖው፣ ነጩ በረዶ፣ ጣለ። ያበበውን ዛፍ ሁሉ አጎበጠው። ዓርብ ቀለጠ፤ ቅዳሜ ሰማዩ እንደታጠበ ብርጭቆ ጠርቶ ዋለ፤ ብርዱ ግን ሌላ ነው።

ጀማል ጠዋት ሪዘርቯሩ፣ ውሃ የተገደበበት ሐይቅ ዳር አደረሰን። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ" አለ። "እማማ ዘነቡ፣ ካልያዛችሁ ቴክስት አድርጉልኝ፤ ፒዛ ፒክ አደርጋለሁ።"

ከቁጥቋጦው ጀመርኩ። ምንም የለም። ወደ ዶኩ ሄድን፤ ደጋኔን አጉብጬ ለቀቅሁ። ምንም። ጅረቱ የሚገባበት ድፍርስ ጋ ሄድን፤ ጥቁርና ቢጫውን አንጠለጠልኩ። ፋጡማ በፎጣ ተጠቅልላ ከኋላዬ ትከተላለች። እሷ ስታየኝ እጄ አላርፍ አለ፤ እጥላለሁ፣ እነቀንቃለሁ፣ አወጣለሁ፣ ቀለም እቀይራለሁ።

"እያጠመድሽ ነው ወይስ እያባረርሽ?" አለችኝ።

"ፋጡማ፣ ሥራዬን ልሥራበት።"

"ሥሪ። እኔ እንኳ ዓሣ ብሆን ሸሽቼ ነበር።"

ቀን ሰባት ሰዓት ሲሆን የድንጋዩ ግድብ ጋ ደረስን፤ ውሃው እዚያ ከዳሩ ጀምሮ ጥልቅ ነው። ካሉኝ ሁሉ ትንሿን ነጭ ጂግ አሰርኩ፤ ክሩ ላይ ታስራ ውሃው ላይ ከምትቆመው ተንሳፋፊ ቡሽ በታች ሁለት ሰው ቁመት ያህል አወረድኳት። ዘንጉን ሁለት ድንጋይ መሀል አስደግፌ፣ ሌላ ጂግ ልፈልግ ወደ ሳጥኔ ዞርኩ። እሰጋ የነበረው እውነት ሊሆን ነው፤ ፋጡማ ሳንበላ ልትሄድ ነው እያልኩ ነው የምፈልገው።

ቀና ስል ፋጡማ በውሃው ታጥባ ውዱእ አድርጋለች፣ በስልኳ አቅጣጫውን አይታለች፣ ፎጣዋን አንጥፋ ለሶላት ቆማለች። ዘንጌ ደግሞ ከፊቷ ነው። ወደሱ ለመድረስ በፊቷ ከማለፍ ሌላ መንገድ የለም፤ በግራ ድንጋይ፣ በቀኝ ውሃ። በሚሰግድ ሰው ፊት አይታለፍም። አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ ይህን አላጣውም።

ያን ጊዜ ተንሳፋፊዋ በጎኗ ተኛች።

ክራፒ ከሥር መጥቶ ጂጉን አፉ ውስጥ አድርጎ ወደ ላይ ሲነሣ፣ ክብደቱ ይቀልላትና ተንሳፋፊ ትተኛለች። ዓሣ አለ ማለት ነው፤ ምናልባት የዚያን ቀን ብቸኛው። እግሬ ተነሣ። መለስኩት። እጄን ከነጠላዬ ሥር አስገብቼ ቆምኩ።

ያ መቆም ረጅም ነበር። ከምዕራብ ተራሮቹ ነጭ ሆነው ውሃው ውስጥ ተገልብጠዋል። ነፋስ የለም። ተንሳፋፊዋ ቀና አለች፣ እንደገና ተኛች። ፋጡማ ስታጎነብስ የዘንጉም ጫፍ አጎነበሰ፤ ስትነሣ እሱም ተነሣ። ሕልም እያየሁ መሰለኝ፤ ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ያለ፣ ለኔ ብቻ ያልተነገረኝ። ከዚያ ተንሳፋፊዋ ቀስ ብላ ሰመጠች፤ አልተመለሰችም።

ፋጡማ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞራ ሰላምታዋን ጨረሰች። "ምነው እንደ ሐውልት ቆምሽ?" አለችኝ።

"ዞር በይልኝ" አልኩና ዘንጉን አነሣሁ። በቀስታ። አለ። ውጦታል። ሳወጣው ከመዳፌ ይሰፋል፤ በዚያ ውሃ ከአሥር ኢንች ያነሰ ይመለሳልና ለካሁት፤ አልፏል።

"ሌላውን ስትነቀንቂ ነው የዋልሽው" አለች ፋጡማ። "ይኼኛውን ምን አድርገሽ ያዝሽው?"

"ምንም አላደረግሁም።"

"እንግዲያው ምንም አታድርጊ። አሁን የሰገድኩትን አራት ረከዓ ያህል ጠብቂ፣ ከዚያ ተነሺ።"

እንዳለችው አደረግን። እጥልና ዘንጉን ድንጋዩ ላይ ትቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ኮሎምበስ ማንንም እንደማታውቅ ነገረችኝ። እኔም ግድግዳው ማዶ ማን እንደሚገባ ሳስብ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ነገርኳት። በመሀል ተንሳፋፊዋ ትተኛለች፤ ሳንቸኩል እናያታለን። ጀማል ሲመጣ ባልዲው ውስጥ አምስት ነበሩ።

ቤቴ ጠበስኳቸው፤ ጨውና ሎሚ፣ ከጎን ዳጣ። ፋጡማ መጥበሻውን ገልብጣ አየችው፤ የዋጋው ወረቀት ከሥሩ አልተላጠም።

"ለኔ ብለሽ ነው አዲስ የገዛሽው?"

"አሮጌው እየያዘ አስቸግሮኝ ነው።"

"ውሸታም" አለች። ትሪው አንድ ነበር። እሾሁን እሷ እየለቀመች ዓሣውን ወደኔ በኩል ትገፋዋለች፤ ዓይኔ ደክሟል ብላ። አምስቱም አለቁ። ማክሰኞ ሄደች።

ከመሄዷ በፊት፣ ሰኞ፣ ለሚስተር ዴል ነገርኳቸው። የሚያስሩትን ጂግ አስቀመጡ።

"ከብርድ በኋላ ዓሣው ይደነዝዛል፤ የሚሮጥ ነገር አያሳድድም" አሉ። "ይህን ስንት ዘመን ለደንበኛ ነግሬያለሁ። የሚሰማኝ የለም፤ ሰው እጁን ማሳረፍ አይችልም። አንቺ እንዴት ቻልሽ?"

"ጎረቤቴ እየሰገደች ነበር" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ስለዚህ፣ ስኖው ጥሎ ሰማዩ በጠራ ማግስት፣ ጥልቁን ፈልጉ፤ ካላችሁ ሁሉ ትንሿን ጂግ አውርዱ። ዘንጉን ድንጋይ ላይ አስደግፉና ከአጠገቡ ራቁ።